የቡርሀን ራዲዮና ስድሳ ሦስቱ ተሸካሚዎች

ማክሰኞ፣ ሚያዝያ 7 ቀን 2017

ይህ የባዮሎጂ ደብተር ነበር። የመጀመሪያዎቹ አሥራ ሁለት ገጾች የእንቁራሪት ሆድ ዕቃ ናቸው፤ ከዚህ ወዲያ ያለው የእኔ ነው። ስልኬ አጎቴ መሳቢያ ውስጥ ተቆልፎበታል። በአሥራ ሰባት ዓመቴ ወደ እስክሪብቶ ዘመን ተመለስሁ።

አጎቴ ቡርሀን ሐይቁ አጠገብ፣ ግሽ አባይ ሰፈር ውስጥ ለዓሣ አጥማጆች መረብ፣ ገመድና ተንሳፋፊ ይሸጣል። ዝም ብሎ ግን አይሸጥም። መረቡን በሁለት እጁ ዘርግቶ፣ ደረቱን ነፍቶ፣ "ይህን የገዛ ሰው ሁለተኛ ዓይኔን አያየውም! ለምን? አያልቅማ!" ይላል። ከይፋግ መጥቼ እሱ ቤት ከገባሁ አራት ዓመቴ ነው፤ በአራት ዓመት አንድ ፊደል አልቀየረም። ዛሬ ጠዋት ሦስት ዓሣ አጥማጆች ገቡ። አጎቴ መረቡን ዘረጋ። ደረቱን ነፋ። "ለምን?" ሲል ሦስቱም ባንድ ድምፅ "አያልቅማ!" ብለው በሳቅ ወደቁ።

እጁ እንደተዘረጋ ቀረ። "ከማን ሰማችሁት?" አላቸው። አንደኛው ስልኩን አውጥቶ አሳየው።

ያሳየው የእኔን ድረ ገጽ ነው። ስሙ "የቡርሀን ራዲዮ"። ለምን ራዲዮ? ስለማይዘጋ። አርባ አንድ ጽሑፍ አለው። አጎቴ ወረታ ላለ ሰው ሲደውል ወረታ ድረስ እንዲሰማ እንደሚጮኽ። የሰፈራችን ሽማግሌ ሐጂ ዓብደላ ስብሰባ ላይ ተኝተው ሲነቁ "እኔም የምለው ይህንኑ ነው" እንደሚሉ። እማማ ነፊሳ (የአጎቴና የአባቴ ታላቅ እህት፣ አብራን የምትኖር) ሰላም ያላትን ሰው ሁሉ በሽታ እንደምታገኝበት። አንድ የድምፅ ገጽም አለ፤ የአጎቴ ሚስት ዘሊካ፣ አላህ ይዘንላት፣ አምና በረመዳን ከመሞቷ በፊት፣ ሱቅ ውስጥ መረብ ዘርግታ አጎቴን ስታስመስለው የቀዳሁት። እሷ ከእኔ የባሰች ነበረች።

ገጹ የማንም ኩባንያ አይደለም። አንድ ቦታ የተቀመጠ ትልቅ ኮምፒዩተርም የለውም። ፕሮግራሙን የጫነ ሰው ገጼን ሲከፍት ቅጂው እሱ ስልክ ላይ ይቀራል፤ ቀጥሎ የሚከፍተው ደግሞ ከእሱ ይወስዳል። የእኔ ስልክ ቢዘጋ እንኳ ሌሎቹ ይሸከሙታል። ዳታ በጠፋበት ሰሞን አንድ ዋይፋይ ላይ ያሉ ስልኮች እርስ በርሳቸው ይሰጣጡ ስለነበር ክፍላችን በሙሉ ጭኖታል። ከላይ ትንሽ ቁጥር አለች፤ ባሁኑ ሰዓት ስንት ስልክ እንደተሸከመው ትናገራለች። ገጹን ሳይከፍቱም ትታያለች።

ትናንት 62 ነበረች። እኮራባት ነበር።

ረቡዕ፣ ሚያዝያ 8

"አጥፊው።"

"አይጠፋም።"

"ያንቺ አይደለም እንዴ?"

"የእኔ ነው፤ ግን ስድሳ ሁለት ሰው ጋ ነው። የእኔን ባጠፋ የእነሱ ይቀራል። መንግሥትም አጎትም አይችሉትም።"

"አጎትም" ማለት አልነበረብኝም።

"ይፋግ ትመለሻለሽ" አለኝ። ጮኾ ቢናገረው ራዲዮ ነው ብዬ አልፈው ነበር። ቀስ ብሎ ነው የተናገረው።

ሐሙስ፣ ሚያዝያ 9

ከትምህርት ቤት መልስ፣ በችኮላ። አጎቴ ኡበይዳን ጠርቶ ፕሮግራሙን በገዛ ስልኩ ላይ አስጭኗል። "ማስረጃ እይዛለሁ" ይላል። ኡበይዳ የሐጂ ዓብደላ የልጅ ልጅ ነው፤ ስልክ ይጠግናል፣ ራሱን ኢንጂነር ይላል። አጎቴ መነጽሩን አድርጎ አርባ አንዱንም አነበበ። አንድም ጊዜ አልሳቀም። ደንቆሮ።

አሁን 63 ሆነ። የሰደበኝ ሰው ተሸካሚዬ ሆነ።

ዓርብ፣ ሚያዝያ 10

ማታ ነው፤ ሁሉንም ልጻፈው።

ከጁምዓ በኋላ ሐጂ ዓብደላ ግቢ፣ ማንጎው ሥር፣ ለፍርድ ቀረብሁ። ሦስት ሽማግሌ፣ አጎቴ፣ እማማ ነፊሳ፣ ኡበይዳና እኔ። ከግራ በኩል ያሉት ሽማግሌ ምርመራውን ጀመሩ።

"ይኸ ጽሑፍ ቤቱ የት ነው?"

"ቤት የለውም" አልሁ።

"ቤት ከሌለው ታዲያ የት ነው የሚያድረው?"

"ሰው ሁሉ ጋ ነው፣ አባባ" አለ ኡበይዳ።

"ሰው ሁሉ ጋ?" ሰውየው ደንግጠው የገዛ ኪሳቸውን ዳሰሱ። የሳቸው ስልክ እኮ ባለ ቁልፍ ነው፤ ከደወል በቀር ምንም አይሸከም። ከንፈሬን ነክሼ ያዝሁ።

እማማ ነፊሳ እኔን እያየች "ይቺ ልጅ ፊቷ ገርጥቷል። ጉበት ነው" አለች።

ሐጂ ዓይናቸውን ጨፍነው ነበር። ተኝተዋል፣ ተርፌያለሁ ብዬ ሳለሁ ዓይናቸውን ሳይከፍቱ "ስንት ሰው ይዞታል?" አሉ።

"ስድሳ ሦስት።"

"ታውቂያቸዋለሽ?"

እውነት ለመናገር አውቃቸዋለሁ። የክፍሌ ልጆች፣ የጀልባ ልጆች፣ የሱቅ ሠራተኞች ናቸው። ዓለም ሁሉ ያነበኛል እያልሁ ስኮራ፣ ዓለም ማለት ለካ ከግሽ አባይ እስከ ሐይቁ ዳር ነበር። "አዎ" አልሁ።

"እኛ ለሠርግ አራት መቶ ሰው እንጠራለን" አሉ ሐጂ። "ስድሳ ሦስት ሰው ምን ያቅታል? ቤት ለቤት ሄደን፣ በየእምነቱ አስምለን እናስጠፋለን።"

ዓይናቸውን ገልጠው አዩኝ። "እኔም የምለው ይህንኑ ነው" አሉ፤ ከዚያ ሳቁ። አንብበውታል!

አጎቴ ብድግ ብሎ "እኔ መጀመሪያ!" አለ። "ወላሂ ከስልኬ አጠፋዋለሁ!" ቀጥሎ ኡበይዳ ማለ። ከዚያ ስም ዝርዝሩን እንድጽፍ ወረቀት ሰጡኝ። ተገድጄ ስድሳ ሦስት ስም ጻፍሁ። የራሴንም ጨምሬ።

ፍርዱም ተነገረ። ሁሉም ጠፍቶ ቁጥሯ ዜሮ ከሆነች እዚሁ ቆይቼ ሰኔ መጨረሻ ላይ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና እወስዳለሁ። አንድ እንኳ ከቀረ አባቴ መጥቶ ይወስደኛል። አባቴ ሙኒር ይፋግ ሩዝ ይነግዳል፤ እኔን ያስተማረኝ በወንድሙ ቤት፣ በወንድሙ ቁጥጥር ሥር ስለሆንሁ ብቻ ነው። አጎቴ "ውሰዳት" ካለው ትምህርት አበቃ፤ የሩዝ ጆንያ አፍ መስፋት ነው የሚጠብቀኝ።

ይሳቁ። የትኛው የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ነው ሽማግሌ አስማለኝ ብሎ ስልኩን የሚያጠፋ?

ሰኞ፣ ሚያዝያ 13

41።

ረቡዕ፣ ሚያዝያ 15

17። ከሃዲዎች።

ጓደኛዬ ሱምያ ጠዋት ክፍል ውስጥ ቁጥሯን አይታ ነገረችኝ። እሷም አጥፍታለች። "ሪሁ፣ እቤታችን መጥተው እናቴ ፊት ወላሂ አስባሉኝ፤ ምን ላድርግ?" አለችኝ። ማኅሌት ደግሞ በማርያም ብላ ማለች። እናቷ ወይዘሮ ሸጊቱ ሐጂን እንጀራ አቅርባ ሸኝታቸዋለች። እኔን ሊያጠፉ ሄደው ተጋብዘው ይመለሳሉ።

ሐጂ በከዘራ እየተደገፉ ነው የሚዞሩት። ሁለት ፎቅ ወጥተው አንድ ልጅ ፈልገዋል።

ዓርብ፣ ሚያዝያ 17

ዛሬ የእኔ ተራ ነበር። አጎቴ ስልኬን ከመሳቢያ አምጥቶ ማንጎው ሥር ሰጠኝ። በሽማግሌዎች ፊት ገጹን አጠፋሁ። ገጹን የማስተካክልበትን ቁልፍም አጠፋሁ፤ ከእንግዲህ ማንም፣ እኔም ጭምር፣ አንድ መስመር ልጨምርበት አልችልም። ሐጂ "ሌላስ የተደበቀ?" ሲሉ ኡበይዳ "ሙሉውን ባዶ ላድርገው" አለ። አደረገው። የሦስት ዓመት ፎቶ፣ ድምፅ፣ ሁሉ። ሁለት ደቂቃ አልፈጀም።

የአክስቴን የዘሊካን ድምፅ ለይቼ ማስቀረት እችል ነበር። አላሰብሁትም።

አስቤዋለሁ። "አንድ ጊዜ ቆዩኝ" ብል አጎቴ ፊት መለመን ይሆንብኛል። አልለምነውም። ደግሞ ከስድሳ ሦስት ሰው አንዱ መቼም ይደብቀዋል ብዬ ነበር።

ቁጥሯ 4።

ሰኞ፣ ሚያዝያ 20

0። ተረፍሁ። የሒሳብ ወርክሺት ሁለት ሠራሁ።

ከእሑድ ጀምሮ ማንም ስሜን በክፉ አላነሳም፤ አጎቴ ግን ስልኬን አልመለሰም። "ከፈተና በኋላ" ይላል። ድል ያደረገ ሰው እንዲህ ያኮርፋል?

ረቡዕ፣ ሚያዝያ 29

አልጠፋም!

ሱምያ እየሮጠች መጣች። ዛሬ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ቁጥሯን ብታይ 1። ሦስት ሰዓት ላይ ስታይ 0። "ገጹን ከፈትሽው እንዴ?" ብላት "ወላሂ ቁጥሯን ብቻ ነው ያየሁት፤ ከከፈትሁ እኮ እኔም መሐላ አፈረስሁ" አለች። ይህች ልጅ ጀነት በሊፍት ነው የምትገባው።

ኡበይዳም አይቶታል። ማለት ሐጂም ሰምተዋል ማለት ነው። ማለት አጎቴም።

ሐሙስ፣ ሚያዝያ 30

አጎቴ በምሳ ሰዓት ገብቶ ሳህኑን ሳይነካ "ሌላ ስልክ አለሽ" አለኝ።

"የለኝም።"

"ውሸታም።"

ሣጥኔን ገለበጠ፣ ፍራሼን ገለበጠ። የአምፖሌን ሽፋን ሳይቀር ፈታው፤ እዚያ ውስጥ የሞተች ዝንብ አገኘ። እማማ ነፊሳ በር ላይ ቆማ "ወንድሜ፣ ተው፣ ደም ግፊትህ" ትላለች። ደም ግፊት የለበትም። እሷ ናት የሰጠችው።

ሰኞ፣ ግንቦት 4

ምርመራ እያካሄድሁ ነው። 1 የምትታየው ሁልጊዜ ጠዋት ከአሥራ ሁለት እስከ አንድ ሰዓት ተኩል ነው። ከዚያ ትጠፋለች። ዓርብም፣ እሑድም። ስለዚህ ያ ሰው (ሀ) ጠዋት ይነሣል፣ (ለ) ዋይፋይ አለው፣ (ሐ) ሥራ ፈት ነው። ኡበይዳ! ግን ኡበይዳ እስከ ሦስት ሰዓት ይተኛል፤ ሐጂ ውኃ እየረጩ ነው የሚቀሰቅሱት። ከጀልባ ልጆች አንዱ? እነሱ በዚያ ሰዓት ሐይቁ ላይ ናቸው፤ ዋይፋይ ከየት አምጥተው።

ማን ነው ሊያጠፋኝ የተነሣ?

አጎቴን መጠየቅ አይቻልም። ከሱብሂ ሶላት ቀጥ ብሎ ሱቅ ይሄዳል። ሱቁ የሚከፈተው በሁለት ሰዓት ተኩል ነው። "መረብ እቆጥራለሁ" ይላል። በየጠዋቱ! መረቡ ሲያድር የሚዋለድ ይመስል።

ሐሙስ፣ ግንቦት 7

አጎቴ ለእማማ ነፊሳ ሲያወራ ከግድግዳው ማዶ ሰማሁ።

"ደብቃዋለች። ደብቃዋለች እኮ ነው የምልሽ። ያችን ልጅ አላውቃትም? አታጠፋውም።"

የሚገርመው ድምፁ ነው። ደስ ያለው ይመስላል። እኔን ስለሚያባርር ደስ ብሎታል። ክፉ ሰው።

አባቴ ለዓርብ፣ ግንቦት 15 ተጠርቷል። ፈተና ሊደርስ ስድስት ሳምንት ሲቀረው።

ማክሰኞ፣ ግንቦት 12

አገኘሁት። አገኘሁት። አገኘሁት።

እማማ ነፊሳ "አጎትሽ ቁርስ ሳይበላ ወጣ፣ ስታልፊ ስጪው" ብላ ፍርፍር በሳህን አስያዘችኝ። ሱቁ የብረት መዝጊያው ግማሽ ድረስ ብቻ ተነሥቷል። ጎንበስ ልል ስል ከውስጥ "ይህን የገዛ ሰው ሁለተኛ ዓይኔን አያየውም!" ሲል ሰማሁ። የእሱ ድምፅ ግን አይደለም። የሴት ነው። የአክስቴ የዘሊካ። እኔ የቀዳሁት።

መሐላውን የጣሰው እሱ ነው። "እኔ መጀመሪያ" ብሎ የማለው! ተሸካሚው እሱ ነው! በሱቁ ዋይፋይ በየጠዋቱ ሲከፍተው ቁጥሯ 1 ትሆናለች፣ ሲዘጋው ትጠፋለች። ቁጥሯ የእሱ መሆኗን አላወቀም፤ የሚያዳምጥ እንጂ የሚሸከም አልመሰለውም። ማስረጃ ሲያጠናክር ነው የቆየው። ሌላ ምን ይሆናል?

ሦስት ጊዜ አጫወተው። መጨረሻው ላይ እሷ ስትስቅ ሳል ይይዛታል፤ ሳሉ ሊመጣ ሲል ያቆመውና ከመጀመሪያው ይጀምረዋል።

ፍርፍሩን ደፍ ላይ አስቀምጬ ወደ ትምህርት ቤት ሮጥሁ። የሮጥሁት ስለደነገጥሁ አይደለም፤ ስለረፈደ ነው።

ረቡዕ፣ ግንቦት 13

ለብቻው ልነግረው እችላለሁ። "አጎቴ፣ ያቺ አንዷ የእርስዎ ናት፤ ዋይፋዩን ያጥፉና ያዳምጡ፣ ቁጥሯ ዜሮ ትሆናለች" ልለው እችላለሁ። ሁለታችንም እንተርፋለን።

ፍራሼን ገልብጧል። አሥር ጊዜ፣ ሃያ ጊዜ ውሸታም ብሎኛል። ለምን ልንገረው?

ሐሙስ፣ ግንቦት 14

ሻንጣዬን እማማ ነፊሳ አሰናዳችልኝ። እያለቀሰች። "ይፋግ ወባ አለ" ትላለች።

ዓርብ፣ ግንቦት 15

አሸንፌያለሁ።

አባቴ ከጠዋቱ ገብቷል፤ ማንጎው ሥር አጠገቤ ተቀመጠ፤ ሻንጣዬ በእግሩ መካከል። አጎቴ ቆሞ ተናገረ። ራዲዮው ሙሉ ድምፅ ላይ ነበር።

"ሁሉም ማለ፣ ሁሉም አጠፋ። የቀረ አንድ ነው። ያ አንድ እሷ ጋ ነው! ሙኒር፣ ወንድሜ ነህ፣ አልዋሽህም፤ ልጅህ ውሸታም ናት። ውሸታም በቤቴ አላሳድርም።"

"ሪሃብ፣ ምን ትያለሽ?" አሉ ሐጂ።

"ያ አንድ እኔ ጋ አይደለም፣ ሐጂ። አጎቴ ደረት ኪስ ውስጥ ነው።"

አባቴ ክንዴን ያዘኝ። "አንቺ፣ ምላስሽን!"

"ኡበይዳ ቁጥሯን ይይ" አልሁ።

"ዜሮ ነው" አለ ኡበይዳ።

"አሁን የአጎቴን ስልክ ከእናንተ ዋይፋይ ጋር አገናኘውና ፕሮግራሙን ክፈተው።"

አጎቴ ኪሱን በመዳፉ ሸፈነ። ሐጂ እጃቸውን ዘረጉ። ስልኩን ሰጠ። ኡበይዳ አገናኘ፣ ከፈተ፣ የራሱን ስልክ አየ፣ ቀና አለ።

"አንድ" አለ።

ከግራ ያሉት ሽማግሌ "ሱብሃነላህ" አሉ።

"እኔ... መሸከሜን አላወቅሁም" አለ አጎቴ። "እኔ አዳምጥ ነበር እንጂ..."

"ምኑን?" አሉ ሐጂ።

ኡበይዳ ነካው። የዘሊካ ድምፅ ግቢውን ሞላው። "ይህን የገዛ ሰው ሁለተኛ ዓይኔን አያየውም! ለምን?" ከዚያ ሳቋ። እማማ ነፊሳ ሻሿን አፏ ላይ አደረገች። አባቴ ክንዴን ለቀቀ። አጎቴ ማንንም ሳያይ "ዝጋው" አለ፤ ከሳሉ በፊት።

ሐጂ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ተኝተው አልነበረም። "ቡርሀን፣ ስድሳ ሰው ባስማልንበት አፍ አንተን ልንተው አንችልም" አሉ። "መሐላ ያፈረሰ አሥር ድሃ ያበላል። አንተም ታበላለህ። ልጅቱ ፈተናዋን ትፈተን። ኡበይዳ፣ አጥፋው።"

ኡበይዳ አውራ ጣቱን አንሥቶ እኔን አየኝ። ስልኬን ባዶ ያደረገው እሱ ነው፤ ያውቃል። አንድ ቃል ብናገር ጣቱ ይቆም ነበር።

ማንጎውን አየሁ። ፍሬው ገና ጥሬ ነው።

አጎቴም አየኝ። ፊቴ ላይ ምን እንዳነበበ አላውቅም፤ ትከሻው ረገብ አለና "አጥፋው፣ ግድ የለም" አለ። ይጮኻል ብዬ ነበር የጠበቅሁት።

ጠፋ። አባቴ ሻንጣዬን ተሸክሞ መለሰው፤ መንገድ ላይ ካርቶን ሙሉ ሙዝ ገዛልኝ። ሙዙ ጥሩ ነበር። አምስት በላሁ።

እሑድ፣ ግንቦት 17

አሥር ሰው በላ። እማማ ነፊሳና እኔ ወጥ ሠራን። አጎቴ ራሱ እያንዳንዱን እጅ አስታጠበ። ከአንድም ሰው ጋር አላወራም።

ረቡዕ፣ ግንቦት 20

ፊዚክስ። ኬሚስትሪ። ፊዚክስ።

ሱቅ ውስጥ መረብ ሲሸጥ አየሁት። ገዢው "ስንት ነው?" አለ። ዋጋውን ነገረው። ገዢው እየጠበቀ ነበር፤ ሌላ ምንም አልመጣም። ሰውየው ራሱ "አያልቅማ?" አለው። አጎቴ "እንጃ" አለ።

የጠላሁት ራዲዮ ነበር። ሲዘጋ ደግሞ ቤቱ ጆሮ ይበሳል።

ሰኞ፣ ግንቦት 25

ለጨዋታ ያህል ሱምያን "በእውነት አጥፍተሻል?" አልኋት። አጥፍታለች። ማኅሌትም። የጀልባ ልጆችን ከትምህርት ቤት መልስ ወደብ ወርጄ ጠየቅሁ፤ አጥፍተዋል። ኡበይዳን ለመንሁት፤ "ለአንቺ ብዬ ነው እንዴ የማልሁት?" ብሎ ሳቀብኝ። ከዚያ ፊቴን አይቶ ሳቁን ተወ። ከአጎቴ ስልክ የጠፋውን ሊመልስ ሞክሮ እንደነበር፣ ምንም እንዳልተገኘ ነገረኝ። ማን እንዳዘዘው አልነገረኝም።

ሃምሳ ስምንት ሰው ጠየቅሁ። በዚህ ከተማ ይህን ያህል ቃሉን የሚያከብር ሰው እንዳለ አላውቅም ነበር። መንግሥትም አጎትም አይችሉትም ብዬ ነበር።

ዓርብ፣ ግንቦት 29

ዐረፋ ነው። በጉን አጎቴ አረደ። "ዒድ ሙባረክ" ብዬ እጁን ልስም ስል ሰጠኝ፤ ሌላው እጁ ግን ደረት ኪሱ ላይ ነበር። ኪሱ ባዶ ነው።

ማክሰኞ፣ ሰኔ 3

ዛሬ ጠዋት ከሱብሂ በኋላ በሬን አንኳኳ። "ሱቅ ነይ" አለኝ። ሄድሁ። መዝጊያውን ግማሽ ድረስ አነሣውና አስገባኝ። ከመሳቢያው ስልኬን አውጥቶ ባንኮኒው ላይ አስቀመጠልኝ።

"ያውልሽ" አለ። ከዚያ "ሌላኛውስ?"

"የቱ ሌላኛው?"

"የደበቅሽው።"

"የደበቅሁት የለም፣ አጎቴ።"

"ሪሃብ፣ አሁን ሽማግሌ የለም፣ አባትሽም የለም። አልቆጣም።" ጎረቤት እንዳይሰማ ይመስል ወደ መዝጊያው አየ። "አንቺ ብልጥ ልጅ ነሽ፤ ሁሉን ነገር አንድ ቦታ አታስቀምጪም። ያን ዕለት ኡበይዳ ሊያጠፋው ሲል ዝም ያልሽው እኮ አንቺ ጋ ስላለ ነው። አይቼሻለሁ። እኔም 'አጥፋው' ያልሁት ለዚያ ነው።"

ባንኮኒው ላይ ያለውን ባዶ ስልኬን አየሁ።

"ከወር በላይ ውሸታም ስልሽ ነበር። ውሸታም ነኝ በይኝ።"

"አይደለሁም።"

"ወላሂ በይ።"

"ወላሂ፣ እኔ ጋ የለም።"

የገመድ ጥቅልል ላይ ተቀመጠ። ለምን ዝም እንዳልሁ ይጠይቀኛል ብዬ ጠበቅሁ። ብጠየቅ የምለውን አላውቅም ነበር። አልጠየቀኝም። ከዚያ መረብ ስቦ ወረወረልኝ፤ ፊቴን መታኝ።

"የሰፈሩን ሰው ሁሉ ታስመስያለሽ" አለ። "እስኪ እሷን አስመስያት።"

"አልችልም።"

"እኔን ትችያለሽ፣ ሐጂን ትችያለሽ፣ እሷን ነው የማትችይ?"

መረቡን በሁለት እጄ ዘረጋሁ። "ይህን የገዛ ሰው ሁለተኛ ዓይኔን አያየውም! ለምን? አያልቅማ!" አልሁና ሳቅሁ።

"አይደለም" አለ። "አያልቅማን አትጨርሰውም ነበር። 'ለምን' ብላ ነው የምትስቀው።"

እንደገና አልሁት።

"አይደለም። አንቺ በአፍንጫሽ ነው የምትስቂ። እሷ ከሆዷ ነበር። ደረትሽን ንፊ።"

ደረቴን ነፋሁ። አልሁት።

"አይደለም! ቃሉን ብቻ ነው የያዝሽው!"

"እንግዲህ እርስዎ ያሳዩኝ!" ብዬ ጮኽሁበት።

መዝጊያውን አንድ ዓሣ አጥማጅ ደበደበ። "አቶ ቡርሀን! መረብ ፈልጌ ነበር!"

"ዝግ ነው!" አለ አጎቴ፤ ገዢ ሲመልስ በሕይወቴ የመጀመሪያ ጊዜ ነው ያየሁት። ተነሥቶ የመረቡን አንድ ጫፍ ያዘልኝ።

"ከ'ለምን' ጀምሪ" አለኝ።